ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአርባ

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ነቀልኩት። ሠላሳ ሰከንድ ቆጠርኩ። ሠራ!

በገዛ እጄ ዋናውን መስመር መዝዤ ቆምኩ፤ ራውተሩ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ሳተላይቱ ዞረ። ኬብሉን ስመልሰው እሱም ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ሠራ። ብቻዬን አጨበጨብኩ። መተማ ዮሐንስ ላይ በዚህ ሙቀት የሚያጨበጭብ ሰው እብድ ነው የሚባለው። ይበሉኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰደብኩት በዚህ መስመር ነው። ሰሊጥ በደረሰ ቁጥር የመተማ ቅርንጫፋችን ገንዳ ውሃ ካለው ቢሯችን ይቆረጣል። ሚዛኑ የመዘነውን ወደ እኛ መላክ ካልቻለ መኪና አይንቀሳቀስም። ሾፌሩ ይጮኻል፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደሴ እኔ ላይ ይጮኻሉ፣ እኔ የምጮኽበት ሰው የለኝም። አሁን ግን ራውተሩ በየአሥር ሰከንዱ ገንዳ ውሃን «አለህ ወይ?» ይላል። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ «አለሁ» የሚለው ካጣ ራሱ ወደ ሳተላይት ያዞራል፣ የተቋረጠበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ሆዱ ውስጥ ይጽፋል። እኔ ከገንዳ ውሃ ሆኜ ገብቼ አነበዋለሁ ማለት ነው።

ቢሮው ሰው ይጠበስበታል። የቅርንጫፉ ኃላፊ ሽፈራው ቀኑን ሙሉ በካርቶን ሲያራግብ ዋለ፤ ካርቶኑን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላበደረኝም። ወንበር ያመጡልኝ ዘበኛው ጋሽ ታረቀ ናቸው። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገብተው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሚወጡት፤ መውጣት ከተባለ፣ ቤታቸውም እዚያው በሩ ጥግ ያለችው ቆርቆሮ ክፍል ናት። ዕድሜያቸውን አያውቁትም፤ ከወሎ ሲወርዱ መተማ ላይ የቆርቆሮ ቤት አልነበረም ይላሉ። «ኢንጂነርዬ፣ ይቺ ሳጥን እንግዲህ ከእኔ ጋር ልትጠብቅ ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «በይ እንግዲህ፣ እንቅልፍ እንዳይጥላት» ብለው ሳቁ። ደስ ይላሉ።

አመሻሽ ላይ አቶ ደሴ ደወሉ። «ሪፖርቱ ላይ አሥራ ስድስት ሰዓት፣ ሃያ ሰዓት የሚል ነገር እንዳላይ። ለሰው በሚገባ፣ በሐበሻ አድርጊው።» የፈረንጅ ሰዓት ያንገሸግሻቸዋል። ምን ቸገረኝ፣ የራውተሩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሳብኩትና ተገላገልኩ።

የቀረኝ፦ ዋናውን መስመር ለሚያመጣው ነጭ ሞደም ባትሪ (ራውተሩ አለው፣ ሞደሙ የለውም፤ ሁለት ዓመት ጠይቄ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኛል፤ ለጊዜው ቢሮው ውስጥ ያለችው አንድ ደህና ሶኬት ላይ ሰክቼዋለሁ)። የገንዳ ውሃውን ራውተርም ሰዓቱን በሐበሻ ማድረግ። ፀጉሬን መታጠብ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

ገንዳ ውሃ ገባሁ። አቧራ ከጥርሴ ላይ እየተፋሁ ነው የምጽፈው።

ስልኬ ቀኑን ሙሉ ዝም አለ። በኅዳር! አቶ ደሴ ሳይቀሩ ፈገግ አሉልኝ። «ትዕግሥት፣ ስምሽና ግብርሽ ዛሬ ገና ተገናኙ» አሉ። እኔ ስቆጣ የሚያሾፉብኝ በስሜ ነው። ከዚያ ጠጋ ብለው «ይኼ ነገር ወቅቱን ሙሉ ከያዘ ጎንደር ዋናው ቢሮ ይፈልጉሻል» አሉኝ።

ጎንደር። እናቴ ቤት። ቀዝቃዛ ውሃ። ከትንኝ ነፃ የሆነ አልጋ። አላመንኩም፣ ግን ማታ ራት ስበላ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

አሁንም ዝም። ዝምታው ራሱ ጨነቀኝ። ማንም አልጮኸም ማለት አልተቋረጠም ማለት አይደለም፤ ቢቋረጥም ራውተሩ ራሱ ስለሚያድነው ማንም አያውቅም ማለት ነው።

ጎንደሮች ደወሉ። መተማ በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ በሳተላይት ይሠራል አሉ። ሳተላይት ደግሞ ውድ ነው፤ ለችግር ቀን እንጂ ለዘወትር አልተገዛም። «በየቀኑ የሚቋረጠው ለምንድን ነው? በጽሑፍ አሳውቁ።» አቶ ደሴ ፈገግታቸውን ወዲያው አጠፉት። «ጠግኚው ስልሽ ሌላ ወጪ አመጣሽብኝ» አሉ። ደሜ ፈላ። ሰኞ መዝገቡን አወጣለሁ፣ ምክንያቱን አገኛለሁ፣ ያኔ እናያለን።

የገንዳ ውሃውን ራውተር ሰዓት ዛሬም አልነካሁትም። ስንት ነገር ልያዝ?

ሰኞ፣ ኅዳር 9

አገኘሁት!

ከማክሰኞ እስከ ትናንት እሁድ ያለው መዝገብ እንዲህ ይላል፦

ተቋረጠ 04:40 — ተመለሰ 06:05
ተቋረጠ 04:43 — ተመለሰ 06:02
ተቋረጠ 04:38 — ተመለሰ 06:10

ሌላውም እንደዚሁ ነው። በየቀኑ ያው፣ እሁድ ብቻ ምንም የለም። መስመር በራሱ እንደዚህ አይታመምም፤ የመስመር በሽታ ቀጠሮ የለውም። ይኼ የሰው እጅ ነው። ጊዜውን በሐበሻ ቆጠርኩት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአርባ እስከ ጠዋት አሥራ ሁለት። ያን ጊዜ እዚያ ቢሮ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሚመለሰውም ልክ ተረኛው ሲወጣ ነው።

ጋሽ ታረቀን አልጠረጠርኩም ነበር። እንዲያውም ሌላ ምክንያት እንዲገኝ ፈለግኩ። ጄኔሬተር? በዚያ ሰዓት አይሠራም። ከገንዳ ውሃ በኩል? እዚህ ምንም አልተመዘገበም፣ ከሌሎቹ ቅርንጫፎች ጋር ያለው መስመር ደህና ነው። ሽፈራውን በስልክ ጠየቅኩት። «ሽማግሌው ለሳሉጎች ሞባይል ቻርጅ ሳያደርግ አይቀርም» አለኝ። ሳሉግ የሚላቸው ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱትን የቀን ሠራተኞች ነው፤ መብራት ያለበት ቦታ ሲያጡ ዘበኛ ይለማመጣሉ። ደህና ሶኬት ደግሞ አንድ ብቻ ናት። ነገሩ ገጠመ።

ሪፖርቱን ለአቶ ደሴ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ፣ ከነሠንጠረዡ። እያንዳንዱን ሰዓት እንዳይጨነቁ ስድስት እየደመርኩ በሐበሻ ገለበጥኩላቸው። «እሁድ አልተቋረጠም» ብዬም ጨመርኩ፣ ምንም አይቅር ብዬ። የጋሽ ታረቀን ስም አልጻፍኩም። «በሌሊት ተረኛ ሰዓት» ብቻ ነው ያልኩት።

ስም ባልጽፍም ማን መሆኑን የማያውቅ የለም። ቢሆንም ደህና ሪፖርት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ከአቶ ደሴ ጋር መተማ ዮሐንስ ሄድን። አትሂጂ የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ።

ጋሽ ታረቀን ቢሮ አስገቧቸው። አቁመው ነው ያነጋገሯቸው። አቶ ደሴ የእኔን ሠንጠረዥ ፊታቸው ላይ አነጠፉት። ጋሽ ታረቀ ወረቀቱን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ማንበብ አይችሉም። እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከአርባ፣ ተቋረጠ።» ድምፄ እንደ ዜና አንባቢ።

«በዚያ ሰዓት ሶኬቱ ላይ ምን ይሰካሉ?»

«የእጅ ባትሪዬን እሰካለሁ ጌታዬ። ምሽት ላይ ነው እሱም። ሌላ የማውቀው የለም።»

«አየሽ!» አሉ አቶ ደሴ ወደኔ ዞረው። ባትሪዋን ማመናቸው ጉድ አደረጋቸው።

«የሰው ስልክስ?»

«አንድ ሁለት ቀን፣ ልጆቹ ሲለምኑኝ… ከደጋ የመጡ ልጆች ናቸው፣ ቤተሰብ ሊያገኙ ብለው። ያም ቢሆን ከዚያች ነጭ ዕቃ እጄን አላደረስኩም። እሷ የኢንጂነርዬ ናት ብዬ አቧራዋን እንኳ አልጠርግም።»

ሽፈራው ጥግ ቆሞ ሁሉንም ይሰማ ነበር። አጠገቡ አዲስ ማራገቢያ አለ፣ ከድንበሩ ማዶ ከገላባት ያስመጣው።

ወረቀት ተጻፈ፦ የድርጅቱን ንብረት ለግል ጥቅም በማዋል፣ ሥራ በማስተጓጎል። ጣታቸውን ቀለም አስነክተው አስፈረሟቸው። ክፍሏንም እስከ ማታ እንዲለቁ ተነገራቸው። ዕቃቸው አንድ ጆንያ ነው። ሲወጡ በእኔ በኩል አለፉ፤ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ። «ደህና ሁኚ ልጄ» አሉኝ። ኢንጂነርዬ አላሉኝም።

ተገቢ ነው እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። መዝገብ አይዋሽም፣ ሰው ግን ይዋሻል። መኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ ነገርኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

አፈር ልብላ።

ዛሬ ረፋድ ላይ፣ ሌሊቱ በሰላም ማደሩን ለማየት ከገንዳ ውሃ ሆኜ መተማው ራውተር ውስጥ ገባሁ። የሚሠራው በሳተላይት ነው። ዋናው መስመር የለም። ሌሊት አይደለም፣ አሁን! መስኮቱ ላይ ፀሐይ አለ፣ ውጭ ባጃጅ ይጮኻል።

መዝገቡን አየሁት። ተቋረጠ 04:41።

ቀና አልኩ። የግድግዳው ሰዓት አራት ሰዓት ከአርባ ስምንት ይላል። ራውተሩን አሁን ስንት ሰዓት ነው ብዬ ጠየቅኩት። 04:48 አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ያንን ራውተር በሐበሻ ያደረግኩት እኔ ነኝ! አቶ ደሴ ደውለው፣ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስቤ፣ ተገላግዬ። በሳምንቱ ረሳሁት። ሌሎቹ ራውተሮች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ ቁጥር ባየሁ ቁጥር ስድስት መደመር እጄ ለምዶታል። የተገለበጠውን እንደገና ገለበጥኩት። አራት ከአርባ የረፋድ አራት ከአርባ ነው። ስድስት ከአምስት የምሳ ሰዓት ነው። ጋሽ ታረቀ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ አይደሉም። በዚያ ሰዓት ቢሮው ውስጥ ያለው ሌላ ሰው ነው።

እሁዱስ! «እሁድ አልተቋረጠም» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። ጋሽ ታረቀ እሁድም ያድራሉ። እሁድ የሚዘጋው ቢሮው ነው። ይህን ለማየት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም ነበር። ሁለት ገጽ ሪፖርት ጽፌ አንዲት መስመር ማንበብ አቃተኝ። ሪፖርቱ አማረልኝ ብዬ ስኮራ።

ምሳ አልበላሁም። ለማንም አልተናገርኩም። ነገ መጀመሪያ በዓይኔ ልይ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው በጭስ ታፍኗል፤ በጭሱ ውስጥ ተሳፍሬ መተማ ደረስኩ። ገበሬው ሚካኤልን ያከብራል፣ እኛ ግን መኪና ስለሚጠብቅ እንሠራለን።

ሽፈራው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ኬብል የምፈትሽ መስዬ። አራት ሰዓት ከአርባ አካባቢ ላቡን ጠረገ፣ ተነሣ፣ ሞደሙን ነቀለ፣ ማራገቢያውን ሰካ። እንዲህ በቀላሉ። ዓይኔ እያየ።

«ምን ማድረግህ ነው?»

«ሙቀቱን አታዪም እንዴ?»

«ሞደሙን ነቀልከው እኮ!»

«ይቺን ነጭ? ይቺ ምንም አትሠራም። በየቀኑ ነው የምነቅላት፣ ሥራው ቆሞ አያውቅም።»

እውነቱን ነው። አልቆመም። እንዳይቆም ያደረግኩት እኔ ነኝ። በድሮው ጊዜ ቢሆን በነቀላት በደቂቃው ሚዛኑ ይቆምና ሾፌሮቹ አንገቱን ይይዙት ነበር። አሁን ራውተሩ ዝም ብሎ ወደ ሳተላይት ያዞራል፣ እሱም ዝም ብሎ ነፋስ ይበላል።

ምሳ ሲወጣ ማራገቢያው እንዳይሰረቅበት ነቅሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል፣ ሞደሙን ይመልሳል። ከሰዓት በኋላ ሚዛኑ ጋ ጥላ ሥር ስለሚውል አይነካውም። በቃ፣ ምሥጢሩ ይኸው ነው።

«ጋሽ ታረቀ ሲባረሩ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ ሌሊት ነው ያላችሁት። እኔ ሌሊት እዚህ የለሁም።»

ልመታው እጄ ተነሥቶ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ምን ብዬ? ሌሊት ያልኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ለአቶ ደሴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ነው የጀመርኩት። ሰዓቱን እንዳስቀየሩኝ ሳነሣ «እኔ መቼ አልኩሽ?» አሉ። ቀጥለው «ብልሽስ፣ ሪፖርቱን የጻፈው ማነው?» አሉ።

«እሺ፣ አሁን ይስተካከል። ሰውየው ይመለሱ» አልኳቸው።

«ሪፖርቱ በእኔ ፊርማ ጎንደር ሄዷል። ተሳስቼ ሰው አባረርኩ ብዬ ልጻፍ? ሰውየው ደግሞ ስልክ መሰካቱን በአፉ አምኗል። ተይው። ዝውውርሽን አስቢ።»

«ስልክ ሰክተው ከሆነም በዚያ ምክንያት አልተቋረጠም!»

«ትዕግሥት፣ ስምሽን አስታውሺ» አሉኝ።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ ለደሴ አንቱታውን አንሥቻለሁ። ፊት ለፊት እንጀራዬ ነው፣ አንቱ እላለሁ። እዚህ ግን ደሴ ነው፤ አለ፣ ሄደ፣ ዋሸ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ደሴን ዘልዬ በቀጥታ ለጎንደር ጻፍኩ። ከነመዝገቡ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነስህተቴ። «ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ሦስተኛ ጊዜ ተውኩት። ላክ የሚለውን ተጫንኩ። ተላከ። ዝውውሩም አብሮ ሄደ መሰለኝ።

የመተማውን ራውተር ሰዓት ወደነበረበት መለስኩ። ከዛሬ ወዲያ ሁሉም በፈረንጅ ነው። ደሴ ይናደድ።

ጋሽ ታረቀ የት እንደገቡ ስጠይቅ ዋልኩ። አዲሱ ዘበኛ የሽፈራው ዘመድ ነው፣ አላውቅም አለ። አንድ ሾፌር ነው የነገረኝ፦ ኮኪት አጠገብ ካለ እርሻ ላይ የታጨደ ሰሊጥ ይጠብቃሉ።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ጾሙ ገባ። ኮኪት ወረድኩ።

ሜዳ ላይ ናቸው። የተሠራ ነገር የለም፤ ጆንያ በአራት እንጨት ላይ ዘርግተዋል። እንደ ድንኳን የቆመው ሰሊጥ መሐል ተቀምጠው ይሳላሉ። ሲያዩኝ ሊነሡ ሞከሩ። እኔን! «አይነሡ፣ በሞቴ» አልኩና መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ነገርኳቸው። ሰዓቱን እንዴት ማስረዳት እንዳለብኝ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ስናገር ገባቸው። «እንግዲያው ቀኑን ሌሊት አደረግሽው በይኝ» አሉ። አዎ አልኳቸው። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፣ አልተቆጡምም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እኔስ እዚህም እጠብቃለሁ፣ እዚያም እጠብቃለሁ» አሉ። «ሰንበቴው ነው የከበደኝ። የማኅበሩን ቁልፍ አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌባ ተብሎ ተባረረ ሲባል ሊቀበሉኝ መጡ። ሳይጠይቁኝ ሰጠኋቸው። አፍ አውጥተው ሌባ ከሚሉኝ ብዬ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ሪፖርቴ እዚያ ድረስ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም።

«ለጎንደር ጽፌያለሁ። ይመለሳሉ» አልኳቸው። ማን ሥልጣን ሰጠኝና ነው ቃል የምገባው? ብቻ አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ጎንደሮች መለሱ። ሁለት ደብዳቤ።

አንዱ ለእኔ፦ የሥራ ተዋረድን በመጣስ፣ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። ዝውውር የሚል ቃል የለም። ይሁን፣ ጠብቄው ነበር። ውሸቴን ነው፣ አልጠበቅኩትም፤ ቤቴ ገብቼ እናቴን ሳስብ አነባሁ።

ሌላው ለጋሽ ታረቀ፦ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ይላል! አንዴ ሳነብ ዘለልኩ። ደሴ «ደስ አለሽ?» አለኝ፣ ፊቱን ቋጥሮ። አዎ፣ ደስ አለኝ አልኩት። የሽፈራው ዘመድ ወደ ሚዛኑ ተዛወረ። ሽፈራው ምንም አልተባለም። ለእሱ ሁለተኛ ሶኬት ይገጠምለታል ተብሏል። እኔ ለባትሪ ሁለት ዓመት ለምኛለሁ።

ደብዳቤውን ራሴ አደርሳለሁ አልኩ። ሁለት ቅጂ ነው፤ አንዱ ላይ ጣታቸውን አድርገው ይመለሳል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ኮኪት። ቀለሙንም ይዤ ነው የሄድኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

«አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩ። «የቀድሞው የጥበቃ ሠራተኛ ላጠፉት ጥፋት ዕድሜያቸውና የአገልግሎት ዘመናቸው ታይቶ በይቅርታ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ተፈቅዷል።»

ትናንት ይህንኑ አንብቤ ዘልያለሁ። «እንዲመለሱ» የምትለዋን ብቻ ነው ያየሁት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ለእሳቸው ሳነበው ነው የሰማሁት።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። «በይቅርታ» ላይ ስደርስ ቶሎ ላልፈው ሞከርኩ። ጆሯቸው አይስትም።

«በይቅርታ ማለት?»

ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩ።

«ይቅርታ የሚደረግለት እኮ ያጠፋ ነው ልጄ። ስልክ ለመሰካቴ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፣ አጥፍቻለሁ። መስመሩን ግን አልነካም ብለሽ አልጻፍሽላቸውም?»

«ጽፌያለሁ። በእግዚአብሔር ስም፣ ሁሉንም ጽፌያለሁ።»

«እነሱስ አነበቡት?»

አላውቅም። ቢያነቡት ነው የሚሻለው ወይስ ባያነቡት፣ እሱንም አላውቅም።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት፣ በጥንቃቄ አራት ቦታ አጠፉት፣ መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡት። «ይቺን ይዤ መተማ ብገባ፣ ሌባ ነበር፣ ማሩት ይባላል። አሁን እንኳ ገሚሱ ሰው፣ ተበድሎ ነው ይላል። ይቺ ከመጣች እሱም ይቀራል። አልፈርምም።» ቁጣ የለባቸውም። ሳላቸው ያዛቸው፣ ውሃ አቀበልኳቸው። ሥራው ይቀርብዎታል እኮ አልኳቸው። «ይቅር» አሉ።

ስነሣ ተከተሉኝና እስከ መንገዱ ሸኙኝ። «ካወጡልሽ ነይ» አሉኝ። «ቃሏን ካወጡልሽ።»

ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ጣት ያልነካው። ደሴ ሲያየው «አልፈልግም ካለ ጉዳዩ ተዘግቷል» አለ። ተዘግቷል! ነገ ፈቃድ ሳልጠይቅ ጎንደር እወጣለሁ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ እንደሚያሰጠኝ አውቃለሁ፣ ሦስተኛው ስንብት ነው። መዝገቡን አትሜ ይዣለሁ፣ የእሁዱን መስመር በቀይ አስምሬበታለሁ። እዚያ ማን እንደሚያነጋግረኝ አላውቅም፤ አንዲት ቃል ለማስፋቅ ከመተማ ድረስ መጣሽ ብለው ሊስቁብኝ ይችላሉ። ይሳቁ። ቃሏን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ፣ እኔው አስፍቄ ካልመለስኩላቸው ኮኪት ላይ እንደገና የማይበት ፊት የለኝም።